ቡችላው ታስሯል?

በካምፐርቫን፣ መኝታ ባለው መኪና፣ ከለንደን እስከ ሂማላያ ልንነዳ ሦስት ሳምንት ሲቀረን ባለቤቴ ከፊንስበሪ ፓርክ ሥራው ሲመለስ ጃኬቱ ውስጥ ቡችላ ይዞ መጣ። የባልደረባው ውሻ ወልዳ ነበር። "አንድ ብቻ ነው የቀረው" አለኝ፣ ቅናሽ ላይ ያገኘው ብርድ ልብስ ይመስል። የተከራየነውን ፍላት ለቀናል፣ ዕቃችንን እናቴ ቤት አስቀምጠናል፣ ቫኑ ውስጥ ደግሞ ሁለት ሰው ራሱ የሚቆመው በተራ ነው። ስም ልናወጣለት ሞከርን፤ አልተስማማንም። ዛሬ ሶፋውን ብቻውን ይሞላዋል፣ እኛ ግን አሁንም ቡችላ ነው የምንለው።

ስንመለስ ሌላ ቤት እስክናገኝ ዊልስደን እናቴ ጋ ልናርፍ ተነጋግረን ነበር። የቡችላውን ነገር ስትሰማ "ውሻ እዚህ ቤት አይገባም" አለች። አልጮኸችም። እናቴ ከጮኸች ተስፋ አለ፤ ቀስ ብላ ከተናገረች ነገሩ አልቋል ማለት ነው። ባለቤቴ "እርስዎ እንዳሉ፣ እማማ" አላት። እሱ አማቱን እምቢ ብሏት አያውቅም፤ እሺ ያላትንም አድርጎ አያውቅም። ያም ሆነ ይህ ጉዞው እስኪያልቅ ካላሳመንናት ቡችላውን ለሰው መስጠታችን ነው። እኔ ደግሞ በሁለተኛው ቀን ወድጄው ነበር።

የምንሄድ ዕለት ቫኑን በሯ ላይ አቆምን። ጸበል በላስቲክ ጠርሙስ ይዛ ወጣችና የአጥሩ በር ጋ ስትደርስ ቆመች።

"ውሻ ያዙ!" አለች፣ አገር ቤት ሰው ግቢ ሲገባ እንደሚባለው። ውሻው የነጠላ ጫማዋን ያህላል። ባለቤቴ በሁለት እጁ ያዘው። ጎማውን፣ መሪውን፣ ባለቤቴንና እኔን ረጨችን። ቡችላው ላይም ትንሽ አረፈበት፤ አስባበት ነው ለማለት አልደፍርም። አንድ ማዳበሪያ ድርቆሽ አሸከመችንና "ታስሮ ነው የሚሄደው?" ብላ ጠየቀች።

"በደንብ ነው የሚታሰረው፣ አያስቡ" አላት ባለቤቴ።

ቡችላውን ትንሽ አየችውና እኛ ሳንነሳ ወደ ቤት ገባች። እናቴ እንግዳ ስትሸኝ መኪናው ታጥፎ እስኪጠፋ እጇን የምታወዛውዝ ሴት ናት። ተናዳ ነው አልን።

እስከ ህንድ ስላለው መንገድ ብዙ የምለው የለኝም፤ ቡችላው አስታወከ። መንገዱ ወደ ተራራው ሲወጣ ደግሞ በየመታጠፊያው አስታወከ። ባለቤቴ ዌምብሊ ገበያ ስንሄድ መኪና ወደ ኋላ ማስገባት የሚያቅተው ሰው ነው። ተራራው ላይ ግን መንገዱ ጠባብ፣ ጎኑ ገደል ነው፤ ጭነት መኪና ከፊት በመጣ ቁጥር ጥሩምባውን እየሰማ ወደ ኋላ ይነዳል። እኔ ቡችላውን ታቅፌ እወርዳለሁ። "ለምን ትወርጃለሽ?" ሲለኝ "ሸክም ላቀልልህ ብዬ ነው" እለዋለሁ። ፈርቼ ነው።

ወቅቱ ፍልሰታ ነበር። የየመንገዱ ሻይ ቤት ምስርና ሩዝ ያቀርባል፤ በሕይወቴ እንደዚያ ሳልቸገር ጾሜ አላውቅም። ራሴን ሲያመኝ ከጾሙ ይሁን ከከፍታው መለየት አልቻልኩም። ቡችላው የእናቴን ድርቆሽ ይቆረጥማል፣ በረዶውን ይልሳል፣ ሲመሽ እግራችን መሀል ይተኛል። እኛ ነን የምንጨናነቀው።

ኔትወርክ ያለበት መንደር ስንደርስ እናቴ በቪዲዮ ትደውላለች። መጀመሪያ የምትጠይቀው ጤናችንን አይደለም።

"ቡችላው ታስሯል?"

"አዎ እማዬ፣ ታስሯል።"

ባለቤቴ ስልኩን አዙሮ ጎማው ላይ የተቋጠረውን ገመድ ያሳያታል። እሷም "ደህና ሁኑ" ብላ ትዘጋለች። ስትዘጋ እንፈታዋለን። ዘዴው ይኸው ነበር፤ ሥርዓት ያለው፣ በሰው ቤት የማያስቸግር ውሻ መሆኑን ማሳየት። ስልኩ ሲጮህ አንዳችን ቡችላውን እንይዛለን፣ አንዳችን ገመዱን እንፈልጋለን። በኋላ እንኳ መያዝ አላስፈለገውም። ስልኩ ሲጮህ እሱ ራሱ ከቫኑ ይወርድና ጎማው ጋ ሄዶ አንገቱን አቅንቶ ይቀመጣል። ባለቤቴ ይህን እንደ ትልቅ የሥልጠና ውጤት ነበር የሚያየው።

አንድ ቀን ተራራው ተንዶ መንገዱን ዘጋውና ከጭነት መኪኖቹ ኋላ ተሰልፈን ቆምን። እዚያው ድንኳን ውስጥ ሻይ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ቡችላው ሲያያት እኔን ረሳኝ። "ለኔ ስጡኝ፣ እዚህ ሰፊ ነው" አለችን፣ ተራራውን በእጇ እያሳየች። እውነቷን ነው። እናቴን ገና ስላላሳመንናት እንሰጣታለን አልን። እናቴ ስትደውል፣ ደስ ይላታል ብዬ፣ ነገርኳት።

"እማዬ፣ ቡችላውን የምትወስድ ሴት አግኝተናል። እዚሁ ትተነው ልንመጣ ነው፤ ከእንግዲህ አታስቢ።"

ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከፍ አደረግኩት። ፊቷ ግን እንዳለ ነው።

"ትታችሁት?"

"ጥሩ ሴት ናት።"

"ይዛችሁት ኑ" አለች። "ውጭ ነው ታዲያ የሚያድረው።" ዘጋችው።

ባለቤቴ ያን ቀን ስለ ራሱ ዲፕሎማሲ ብዙ ተናገረ። እኔ ቫኑ ውስጥ ገብቼ ቡችላውን አቅፌ አለቀስኩ፤ ከከፍታው ነው አልኩ።

ቡችላውን ወደ እንግሊዝ ለማስገባት የተጠየቅነው መርፌና ምርመራ፣ እናቴ እኔን ሳትወልድ ከአዲስ አበባ መጥታ ጥገኝነት ስትጠይቅ ከተጠየቀችው ይበልጣል። ብቻ ገባ። ዊልስደን ስንደርስ ቁመቱ ጉልበቴን አልፏል። በጎን በኩል ወደ ጓሮ ወሰድነውና ባለቤቴ ለዚሁ ብሎ በገዛው አዲስ ገመድ የልብስ ማስጫው ምሰሶ ላይ አሰረው። ሁለት ቋጠሮ አደረገበት፣ እሷ እንድታይለት።

እናቴ በወጥ ቤቱ በር ወጣች። "ውሻ ያዙ" አላለችም። እኛን ሳትስም አልፋን ምሰሶው ጋ ሄደች፣ የሚያማትን ጉልበቷን ይዛ ተንበረከከችና ቋጠሮውን መፍታት ጀመረች። ገመዱ አዲስ ስለሆነ አስቸገራት። ባለቤቴ ሊረዳት ሲጠጋ በክንዷ ገፋችው።

"ሁለተኛ እንዳታስሩብኝ" አለች። "የኔን ውሻ አዲስ አበባ በሩ ላይ አስሬው ነው የወጣሁት። ቶሎ እመለሳለሁ ብዬ።"

ውሻ እንደነበራት አላውቅም ነበር። ስለዚያ ቤት ብዙ ነግራኛለች፤ ስለ ግቢው፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ኮክ ዛፉ። በወሬዋ ውስጥ ግን ውሻ አልነበረም።

"ማን ፈታው?" አልኳት።

"እኔ ምን አውቄ።"

ቡችላው ተፈቶ ጓሮውን ዞረ፣ እጇን አሸተተ፣ እሷም አልከለከለችውም። ይኼኔ ወጥ ቤት የተወችው ስልኳ ጮኸ። አዲስ አበባ ያለችው እህቷ ናት፣ በቪዲዮ፣ በዚያው የጥሪ ድምፅ። ቡችላው ቀና አለ። ተመልሶ ወደ ምሰሶው ሄደና አንገቱን አቅንቶ ተቀመጠ።

"ምን ሆኖ ነው?" አለች እናቴ።

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረ።

"ስልክ ሲጮህ ነው የምናስረው እማዬ" አልኳት። "አንቺ ደስ እንዲልሽ ብለን።"

"ሁልጊዜ?"

"በደወልሽ ቁጥር።"

ስልኩ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። ቡችላው አሁንም አንገቱን እንዳቀና ነው።

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ፣ ስትዘጊው እንፈታዋለን።"

ገመዱን እጇ ላይ ጠቀለለችው።

"እናንተስ ፈታችሁት" አለች። ከዚያ ወደ ቤት ገባች፤ የወጥ ቤቱን በር ግን አልዘጋችውም።