ሳይመጣ የቀረው ጎርፍ

ትናንት የእህቴ ልጅ ሰሚራ ከሸዋ ሮቢት እያለቀሰች ደወለችልኝ። በሳተላይት ካርታ ጎርፍ ይተኛበታል ያለችውን ቦታ ለገበሬዎቹ አሳይታ፣ ሽንኩርታቸውን ከወንዙ ዳር አስነስታለች። ጎርፉ ግን ቀረ። “አክስቴ፣ መሣቂያ ሆንኩ” አለችኝ። እንደምንም አጽናናኋት፤ ስልኩን ስዘጋ ግን ልቤ ወደ እናቷ ሠርግ ሄደ።

ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ የውኃ ጥናት ላይ የተቀጠርኩበት የመጀመሪያ ዓመት ነበር። ሥራችን ከሰማይ የተነሳ ምስል ይዞ ቆላውን መዞር ነው፤ የት ውኃ እንደሚቋጥር፣ የት ጎርፍ እንደሚደርስ ማየት። አቧራውን እንደ በሶ እየቃምን እንውልና ከመንገድ ዳር ማንጎ እንገዛለን፤ ጭማቂው እስከ ክርናችን ይወርዳል። እንደዚያ የሚጣፍጥ ማንጎ ዳግም አልበላሁም። ምናልባት የጣፈጠው ዕድሜው ይሆናል።

ለሠርጉ ቤት ስደርስ ዳሱ ከወንዙ ዳር፣ ትልቁ ሾላ ጥላ ሥር ተተክሏል። ወንዙ ደርቆ አሸዋው ነጥቷል። ደብረ ሲና ላይ ግን የበልግ ደመና ከተጋደመ ሰንብቷል፤ እኛ ጋ ጠብ ሳይል ደጋ የዘነበው ጎርፍ ሆኖ እንደሚወርድብን የቆላ ሰው ያውቀዋል። በአንድ ክረምት፣ ከጎርፍ በኋላ የተነሳውን ምስል አውጥቼ ዘረጋሁላቸው። ውኃው ሾላውን አልፎ ተኝቷል።

“በክረምት እንጂ በበልግ ማን እዚህ ጎርፍ አይቷል? ይኼ ቀዩስ ምንድን ነው?” አለ አጎቴ ሰይድ።

“ቅጠል ነው። ምስሉ ላይ አረንጓዴው ቀይ ሆኖ ይወጣል።”

“ወላሂ፣ ቅጠልን ቀይ ያለ ካርታ ስለ ጎርፍ ቢናገር ማን ያምነዋል?”

ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቴ ወረቀቱን አገላብጦ አየው፤ ምንም እንዳልገባው ፊቱ ያስታውቃል።

“ፋጤ፣ ፈርተሻል?” አለኝ።

“ፈርቻለሁ፣ አባባ።”

“እንግዲያው ዳሱ ይነሳ።”

ድንጋያማው ጉብታ ላይ ተተከለ። ጥላ የለ፣ ነፋስ የለ። በሠርጉ ዕለት ፀሐዩ እንግዳውን ሲጠብሰው ዋለ፤ ብርዙ እንኳ ሞቀ። ሙሽራዋ እህቴ ላቧን እየጠረገች ገላመጠችኝ። ወንዙ ላይ ጠብታ አልወረደም። “ልጅህ የሰማይ ጠንቋይ ሆና መጣችልህ” እያሉ አባቴ ላይ ሲቀልዱ ሰማሁ። የተከበረ፣ ቁም ነገረኛ ሰው ነበር። በእኔ የተነሳ ሲሣቅበት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ተከትሎኝ መጣ። “በእህትሽ ሠርግ ምን ያስለቅስሻል?”

“ጎርፉ አልመጣም።”

ግራ ገብቶት አየኝ። “ታዲያ አልሐምዱሊላህ አይባልም?”

እጄን ይዞ ወደ እንግዶቹ አወጣኝ፤ ከጎኑ አስቀምጦ ሰው ሁሉ እያየ አጎረሰኝ።

ካርታ የት እንጂ መቼ አይናገርም። ያኔ ይህን ማስረዳት አልቻልኩም ነበር፤ በኋላ ግን ሥራዬ ሆኖ ስንት ስብሰባ ላይ ሳስረዳ ኖርኩ። ካርታው በደንብ ገብቷቸው ከቦታቸው ያልተነሱ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ። ሰሚራ አያቷን አልደረሰችበትም። እሱ ምንም ሳይገባው፣ ፈርቻለሁ ስላልኩት ብቻ ተነሳልኝ። በጣም ነው የሚናፍቀኝ።