የጋሽ አየነው ሁለት ሚስማሮች

ሞባይል ጠጋኝ ሽቦ የሚያጣብቅበትን ሊድ ሲያቀልጥ የሚወጣው ጭስ ጉሮሮ ይከረክራል። ባለፈው ሰሞን ስልኬን ሰጥቼ ቆሜ ስጠብቅ ያ ሽታ መጣና፣ ደብረ ታቦር ግቢያችን ውስጥ ተከራይተው የነበሩት ጋሽ አየነው ፊቴ ድቅን አሉ።

ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ። ሰው ሬዲዮ ትቶ ስልክ ሲይዝ ሥራው ቀዘቀዘባቸውና ማይክሮኮንትሮለር የሚባል ነገር መማር ጀመሩ። ጥፍር የምታህል ጥቁር ነገር ናት፤ በአሮጌ ላፕቶፕ ትእዛዝ ይጽፉላታል፣ እሷ ትፈጽማለች። እኔ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። «አብሪ፣ ቆዪ፣ አጥፊ» ብዬ ጽፌ ትንሿ ቀይ መብራት እሺ ያለችኝ ቀን እራት አልበላ አለኝ። ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ጥዬ እሳቸው ጋ ነበርኩ።

ጎረቤት ግን አልወደዳቸውም። ሚስት የላቸው፣ ማኅበር አይጠጡ፤ ሰው ሲመጣ ጠረጴዛቸውን በጋቢ ይሸፍናሉ። «ምን ደብቀው ነው?» ትላለች እናቴ። እውነቱን ለመናገር እኔም እጠረጥር ነበር። ስጠይቃቸው «አቧራ ነው» ይሉኛል። አቧራ ሰው ሲመጣ ብቻ ነው እንዴ የሚነሣው?

የዚያን በጋ ላማችን ነጠፈች። በዚያው ሳምንት እናቴ የጎመን መደቧን ስትኮተኩት ሁለት ሚስማር ገለጠች፤ ቀይ ሽቦ ተጠምጥሞባቸዋል፣ ሽቦው በቆዳ ወደተሰፋ ትንሽ ነገር ይሄዳል። እጇን ሳታሳርፍ ወደ ኋላ አለች። ጋሽ አየነው አፈሩ ውሃ ሲጠግብ የምትጮህ መሣሪያ እየሞከሩ ነበር፤ ቆዳው ለእርጥበት ነው። ግን ማንንም አላስፈቀዱም። በእኛ አገር ደግሞ የተቀበረ ሚስማርና በቆዳ የተሰፋ ነገር ምን እንደሚባል ሕፃንም ያውቃል።

«መተት ነው» አለች እናቴ። የነፍስ አባታችን ተጠሩ።

«እማዬ፣ የውሃ መለኪያ ነው፤ እኔ አውቀዋለሁ» አልኳት።

«ዝም በይ። አንቺንም አስነክቶሻል። ከዛሬ ጀምሮ ያን ደጅ እንዳትረግጪ።» እስከዚያ ቀን «አንቱ» ስትላቸው የኖረች ናት።

አባ ዳዊታቸውን ደግመው ጠበሉን ሚስማሮቹ ላይ ረጩ። ቆዳው ውስጥ ያለችው ነገር ጮኸች፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ እንደታነቀች ጫጩት። ሴቶቹ ሸሹ። በእኛ ዘንድ ጠበል ሲነካው የሚጮኸው ርኩስ መንፈስ ነው።

«ይኸው፣ ራሱ መሰከረ» አለ አንዱ ጎረቤት።

ጋሽ አየነው በራቸው ላይ ቆመው ፈገግ አሉ። መሣሪያዋ ክፍላቸው ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ጮኻላቸው አታውቅም ነበር። ፈገግታቸውን ሁሉም አየ፤ የገባው ግን ለእኔ ብቻ ነበር። ያቺው ፈገግታ ጨረሰቻቸው።

«ተራ ውሃ እናፍስባትና እንያት፤ ትጮሃለች» አልኩ።

«ጠበል ባረፈበት የቧንቧ ውሃ አይፈስም። ልጅሽን ያዢ» አሏት አባ።

በማግስቱ ሻንጣቸውን በባጃጅ ጭነው ወጡ። አልተከራከሩም፤ በዚህ እስካሁን ተናድጄባቸዋለሁ። አንዱ ሐሙሲት አየኋቸው ይላል፣ ሌላው ባሕር ዳር። ሁለቱንም አላምንም።

ዕቃ አልተዉልኝም። የተዉልኝ አመል ነው። ብዙ ሰው አንድ ላይ ሆኖ «በዓይናችን አየን» ሲል፣ እንደገና ይሞከር እላለሁ። ቤት ውስጥም ብል፣ ዕድር ላይም ብል፣ ሰው ፊቱን ያጠቁርብኛል። ያጥቁር።