ከወንዝ ማዶ የታየ ነጭ ልብስ

ድራቫ እንደ ልቡ የሚሄድ ወንዝ ነው። ጎርፍ በመጣ ቁጥር አሮጌ አልጋውን ጥሎ አዲስ ይቆፍራል። የስታራ ቭርባ ሰዎች ቤታቸውን የሠሩት አሸዋማ ጉብታ ላይ ነው፤ አያት ቅድመ አያቶቻቸው ከቱርክ ጦር ሸሽተው በታንኳ ሲሻገሩ ደረቅ ሆኖ ያገኙት እሱን ብቻ ነው ይባላል። ቋንቋቸውንም ይዘው ተሻገሩ። እቤት ክሮኤሽኛ፣ መንግሥት ቤት ሃንጋሪኛ፤ ያጋ ያደገችው እንዲህ ነው።

በአያቷ ዘመን ወንዙ በአንድ የጸደይ ጎርፍ ወደ መንደሩ ተጠጋና የቤተሰቡን ትልቁን ማሳ ማዶ አስቀረው። ማሳው ግን የእነሱ ነውና በታንኳ እየተሻገሩ ያርሱት ነበር። ኋላ ታላቅ ወንድሟ ማቲያ እዚያው ጎጆ ቀልሶ ከብት አረባ። ቅዳሜ ማታ እየተሻገረ እናታቸው ማንዳ የሠራችውን የባቄላ ሾርባ ይበላል፤ እሑድ አስቀድሶ ይመለሳል።

ከዓለም ጦርነቱ በኋላ ወንዙን ድንበር ያደረጉት ሁለቱ መንግሥታት ተጣሉ። ታንኳዎቹ ተለቅመው ተወሰዱ፤ በዳርቻው ሽቦ ተዘረጋ፤ ፈንጂም ተቀበረ። ማቲያ ማዶ እንዳለ ቀረ። ማዶ ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ ተጠርጣሪ ሆነ። ጎረቤቱ ከነልጆቹ በጭነት መኪና ሲጫን ያየ ሰው ደብዳቤ ለመጻፍ እጁን አያነሣም። ማንዳም የልጇን ስም መጥራት ፈርታ «የማዶው» እያለች ኖረች።

እንዳለችም ሞተች። ያጋ እናቷን ቀብራ ስትመለስ ልቧን የበላት ሞቱ ብቻ አልነበረም። ለሞተች እናት ዋናው ጸሎት የወንድ ልጇ ነው፤ ልጁ ግን መሞቷን አላወቀም። እዚያ ማዶ፣ ጮክ ብለው ቢጠሩት በሚሰማበት ቦታ፣ «እናቴን አንተ ጠብቃት» እያለ ሲጸልይ ታያት።

ስታራ ቭርባ ሴት ስትሞት ደወሉ ሁለት ጊዜ ተቋርጦ ይደወላል፣ ወንድ ሲሞት ሦስት ጊዜ። የሟች ቤት ሴት ደግሞ ነጭ ትለብሳለች፤ በወንዙ ውኃ የተዘፈዘፈ፣ እቤት የተፈተለና የተሸመነ የተልባ ጨርቅ፣ ከነጠላው እስከ ቀሚሱ ነጭ። ጥቁር የከተማ ሰው ሐዘን ነው። ደወሉን ነፋሱ አሻግሮለት ይሆናል ስትል አሰበች። የማን ቤት እንደሆነ ግን በምን ያውቃል?

ያን ጊዜ ሴቶች በሽቦው መካከል በተተወ አንድ መውረጃ እየወረዱ በፈቃድ ወንዝ ዳር ልብስ ያጥቡ ነበር። ያጋ ነጯን ለብሳ፣ ባዶ ቅርጫት ይዛ ወረደች። የጥበቃው ወታደር የሩቅ አገር ልጅ ነው።

«ሠርግ አለሽ እንዴ?» አላት።

«የለም፣ ጌታዬ። ልብስ ላጥብ ነው።»

«የታለ ልብሱ?»

«ለብሼዋለሁ።»

ወታደሩ ሳቅ አለና አሳለፋት። ከውኃው ጫፍ ቆመች። እጇን ማወዛወዝ ያሳስራል፤ እንዲሁ ቆመች። ከብዙ ቆይታ በኋላ ማዶ አንድ ሰው ከከብቶቹ መካከል ወጣ፣ አያትና ባርኔጣውን ቀስ ብሎ አወለቀ።

«ገባው» አለች ለራሷ። በማግሥቱ ያም መውረጃ ዱካ እንዲታይበት ታርሶ ለሰው ሁሉ ተከለከለ። እሷ ግን የሐዘኑን ዓመት ጨርሳ ነጯን ሳጥን ውስጥ ስታጥፍ ልቧ ያረፈ ነበር።

ዓመታት አለፉ። መንግሥታቱ ታረቁና ዘመድ መጠየቅ ተፈቀደ። ማቲያ ድልድይ ወዳለበት ከተማ ዞሮ፣ በባቡር፣ ከዚያም በእግር መጣ። ያጋ ደጅ ቁጭ ብላ ቃሪያ በክር ትሰካ ነበር። የገባውን ሽማግሌ መጀመሪያ አላወቀችውም። እሱ ግን አያትና ደጁ ላይ ካለው የከብት ማጠጫ ገንዳ ጫፍ ተቀመጠ።

«ያጋ ነሽ?»

«ታዲያ ማን ልሁን፣ ወንድምዓለም?»

«እማማስ?»

ክሩ ከእጇ ወደቀ። «እንዴት እማማስ ትለኛለህ? ባርኔጣህን አውልቀህ አልነበረም?»

«ያወለቅሁት ላንቺ ነው» አለ። «ደወሉ የሴት ነበር። ነጭ የለበሰችው አጭር፣ ትከሻዋ ወደ ቀኝ ያዘነበለ፣ እማማን ቁርጥ። አንቺ ደግሞ ከልጅነትሽ ሳንባሽ ደካማ ነው። ያጋ ሞታ እማማ ሐዘን ተቀመጠች አልኩ።»

ያጋ ትከሻዋን በእጇ ዳሰሰች። የእናቷ የሽመና መቀመጫ ላይ ተቀምጣ፣ የእናቷን መወርወሪያ ስትወረውር የእናቷን ትከሻ አውጥታ ነበር።

«በየዓመቱ ቅዳሴ አስቀደስኩልሽ» አለ። «ተስካርሽንም አበላሁ።»

«ምን አበላህልኝ?»

«ዓሣ። በበርበሬ።»

«ጉድ ነው፤ ለእኔ ተስካር ሥጋ አልተገኘም?»

ሁለቱም ፈገግ ለማለት ሞከሩ። ማቲያ ግን ፊቱን ወደ ወንዙ መለሰ። ኋላ «ዛሬ ጠዋት እማማን ላገኝ ነው የተነሣሁት» አለ። «የነጠላ መያዣ ገዝቼላታለሁ። ሌላው ሰው ሁሉ አልቅሶ ጨርሷል። እኔ ከማን ጋር ላልቅስ?»

ያጋ ተነሣች። ወደ ቤት ገብታ ሳጥኑን ከፈተች። ነጩ ጨርቅ እጥፋቱ ላይ ቢጫ ብሏል። ቀሚሱን አጠለቀች፣ ነጠላውን እስከ ቅንድቧ አወረደች፣ ወጣችና ወንድሟን በክንዱ ይዛ አነሣችው።

መንገድ ላይ ሲወጡ ጎረቤታቸው ባራ በአጥሩ ላይ አንገቷን አሰገገች። ምላሷ የማያርፍ፣ ለመንደሩ ሰው ሁሉ ስም ያወጣች ሴት ናት።

«ያጋ፣ ደወል ሳልሰማ? ማን ሞተ?»

«እናታችን» አለች ያጋ።

ባራ ማንዳን በገዛ እጇ አጥባ የገነዘች ናት። አፏን ከፈተች፤ ከያጋ አጠገብ የቆመውን ሰው፣ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ የያዘውን፣ አየችና መልሳ ዘጋችው። ባለ ቀለም ሻሿን እየፈታች ወደ ቤቷ ገባች።

ወንድምና እህት ከመቃብሩ በር ሳይደርሱ ኮቴ ሰሙ። ባራ ነጭ ለብሳ፣ ሻማ ይዛ፣ ትንሽ ራቅ ብላ ትከተላቸዋለች።