ማኅደር በየትኛው ሀ ይጻፋል

መሐሪን ተማሪዬ ሳለ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ስምንተኛ ክፍል እያለ የራሱን ስም በሃሌታው ሀ እየጻፈ ያመጣልኝ ነበር፤ እኔም በቀይ እስክሪብቶ እያረምሁ እመልስለታለሁ። "ጋሼ አስቻለው፣ ሲነበብ ሁሉም ሀ አንድ አይደለም ወይ?" ይለኛል። ልዩነት አለው እለዋለሁ። ዛሬ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነው፤ እዚሁ ንፋስ መውጫ የኮምፒውተር መምህር ሆኖ፣ እኔ አማርኛ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ በአንድ የመምህራን ክፍል አብረን እንቀመጣለን። ልዩነት እንዳለው አሁን ገብቶታል። እንዲህ ሆኖ ከሚገባው ሳይገባው ቢቀር ይሻል ነበር።

አባቱ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ከወገዳ ወዲያ፣ ስማዳ ገጠር፣ አርባ ዓመት ቅኔ ያስተማሩ ሰው ናቸው። አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ባለቤታቸው ሲያርፉ፣ ዓይናቸውም ሲደክም፣ መሐሪ ከነዳዊታቸው አሳፍሮ ወደ ቤቱ አመጣቸው። ሌላ ይህ ነው የሚባል ዕቃ አልነበራቸውም። ሀብታቸው በየበዓሉ ቤተ ክርስቲያን ቆመው የተቀኙት ቅኔ ነው፤ እሱም በሙሉ በቃላቸው ነበር። አንድ ቅኔ ለአንድ ቀን ነው፤ በዓሉ ካለፈ በኋላ ያንኑ መልሶ የሚል ባለቅኔ ያፍራል። ስለዚህ ከእሳቸው ሌላ የያዘው ሰው የለም ማለት ይቻላል። እሳቸው ግን እንዳይጠፋባቸው በየማለዳው፣ ከጸሎት በኋላ፣ ጥቂት ጥቂቱን በለሆሳስ ለራሳቸው ይሉት ነበር።

መሐሪ ይህን በግድግዳ በኩል ሲሰማ ከረመና ድረ ገጽ ልሥራላቸው አለ። በድምፅ ለመቅዳት ጠየቃቸው፤ እንቢ አሉ። "ድምፄን አትቅዳ። ስሞት እየከፈትህ ልታለቅስ ነው" አሉት። በጽሑፍ ይሁን ተባለ።

ድረ ገጹ ዳታቤዝ የሚሉት ነገር የለበትም። እያንዳንዱ ቅኔ ራሱን የቻለ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ ፋይሎቹ በአንድ ፎልደር ይቀመጣሉ፤ ፎልደሩን የያዘ ቅኔውን ያዘ ማለት ነው። ሶፍትዌሩ ደግሞ የሚሠራው ኮንቴይነር ውስጥ ሆኖ ነው። እኔ ኮንቴይነር ሲባል የማውቀው መናኸሪያው አጠገብ ሲሚንቶ የሚሸጥበትን የብረት ሱቅ ስለሆነ ምንም አልገባኝም። የኔታ ቀድመውኝ ገባቸው።

"አባዬ፣ ኮንቴይነር ማለት እንደ ዳዊትዎ ማኅደር ነው" አላቸው መሐሪ፣ ዳዊቱ የተቀመጠበትን የቆዳ ማኅደር አንስቶ እጃቸው ላይ እያኖረ። "ፕሮግራሙ እዚህ ውስጥ ሆኖ ይሠራል። ሲያረጅ ይጣልና አዲስ ይሰፋለታል።"

"ዳዊቱስ?"

"ዳዊቱ አይነካም። ቅኔው የሚቀመጠው ከውጭ ነው።"

"እንግዲህ መጀመሪያ መጽሐፉን ማውጣት ነው። ማኅደር ሲለውጥ ይኸን የሚረሳ ሰው አላየሁም" አሉና ሳቁ።

መሐሪ ምሳሌው ስለጣመው ቅኔው የሚቀመጥበትን ፎልደር "ማህደር" ብሎ ሰየመው። በአማርኛ መሰየሙ ደስ ብሎት ስክሪኑን ሊያሳየኝ ጠራኝ። አየሁና ያ ክፉ አመሌ ተነሳ። "ማኅደር በብዙኃኑ ኀ ነው እንጂ በሃሌታው አይደለም። ደግሞ የቅኔ መምህር ልጅ ሆነህ" አልሁት። ጆሮው ቀላ። "እሺ ጋሼ" ብሎ እዚያው ፊቴ አረመው።

ያረመው አንድ ቦታ ነው። ስሙ የተጻፈው ግን ሁለት ቦታ ነበር። አንዱ ሶፍትዌሩ ጽሑፉን የት እንደሚያስቀምጥ የሚነግረው ነው፤ ሌላው የውስጡን ፎልደር ከውጭው ጋር የሚያገናኘው መስመር ነው። መሐሪ ሁለተኛውን አርሞ የመጀመሪያውን ረሳው። ለሰው ጆሮ ማህደርና ማኅደር አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የማይተዋወቁ ሁለት ቤቶች ናቸው። እኔ ያሳረምሁት ከውጭው ጋር ተገናኝቶ ባዶውን ተቀመጠ። ቅኔው ባልታረመው ውስጥ፣ እዚያው ኮንቴይነሩ ሆድ ውስጥ፣ ይጠራቀም ጀመር። ስሕተት አለ የሚል ነገር ስክሪኑ ላይ አልመጣም፤ ድረ ገጹም በደንብ ይሠራ ነበር። ይህን ሁሉ የሰማሁት ከሆነ በኋላ ነው።

ከጥቅምት እስከ ሰኔ፣ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ የኔታ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ይናገራሉ፣ መሐሪ ይጽፋል፣ እኔ ሄጄ ፊደሉን አርማለሁ። አንዱን በጨረሱ ቁጥር ጭናቸውን መታ አድርገው "ይኸም ወረደልኝ" ይላሉ። ሰማንያ ስድስት ቅኔ ወረደላቸው። እየቆየ የማለዳውን ለሆሳስ ተዉት። ምነው ተዉት ብዬ ብጠይቃቸው፣ "ከእንግዲህ ምን ብዬ ልሸከመው? ልጄ ዘንድ አድሯል፤ እኔ ልረፍ" አሉኝ። እንደዚያ ዓመት ፊታቸው ፈክቶ አይቼ አላውቅም።

ድረ ገጹ እስከዚያ ድረስ የሚሠራው ከትምህርት ቤቱ በተዋሰው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ነበር። ሰኔ መጨረሻ ኮምፒውተሩ ለሌላ ሥራ ተፈለገ። መሐሪም ሰው ሁሉ ሊያየው የሚችልበት ሰርቨር ላይ ቦታ አግኝቶ ስለነበር፣ ለመዛወር ጥሩ ጊዜ ነው አለ። የውጭውን ፎልደር ፍላሽ ላይ ገለበጠ። ዓይን ተከድኖ ሳይገለጥ አለቀ። "ጽሑፍ እኮ ክብደት የለውም ጋሼ" አለኝ ኮራ ብሎ። ከፍቶ አላየውም። እኔም ክፈትና እይ አላልሁትም፤ የኔ ጭንቀት ሌላ ጊዜም ቢሆን ፊደል ነው። ኮንቴይነሩን አጠፋ፤ ኮምፒውተሩን ፎርማት አድርጎ፣ የነበረበትን ሁሉ ደምስሶ፣ ለትምህርት ቤቱ መለሰ።

ሦስት ቀን ኔትወርክ አልነበረም። በአራተኛው አዲሱን ኮንቴይነር ሰርቨሩ ላይ አስነሥቶ ፍላሹ ላይ ያለውን ጫነና ጠራኝ። ድረ ገጹ ተከፈተ። የየኔታ ፎቶ አለ፤ ስማቸው አለ፤ ከሥሩ "እስካሁን የገባ ጽሑፍ የለም" ይላል። ኔትወርኩ ነው ብሎ ደጋግሞ ከፈተው። ከዚያ ፍላሹን ከፈተ። ፎልደሩ አለ፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው።

ያንን ኮምፒውተር መልሶ ለምኖ፣ የጠፋ ፋይል ያወጣል የተባለ ፕሮግራም ሁሉ ሰባት ቀን ሞከረበት። ያገኘው የድሮ የፈተና ወረቀት ብቻ ነው። በስምንተኛው ቀን ቤቴ መጣ። "ጋሼ፣ አንዲት ፊደል ናት" አለኝ፤ እንደ ስምንተኛ ክፍል ልጅ በር ላይ ቆሞ አለቀሰ። ማን አርም እንዳለው አላነሳም። ቢያነሳው፣ ቢሰድበኝ፣ ይቀለኝ ነበር።

እንደገና ይጠይቃቸው ይባል ይሆናል። ፈራ ተባ እያለ ሞክሯል። ግን ሐምሌ መግቢያ ላይ ደም ግፊት ጥሏቸው ነበር፤ ያን ያህል ዓመት ጠብቆ ያቆየውን ለሆሳስም ከተዉት ወራት ሆኗቸዋል። መጀመሪያው ይመጣላቸዋል፣ ቀሪው አይመጣም። እሳቸው ግን ይህ አላስጨነቃቸውም፤ ልጃቸው ዘንድ አለ።

ባለፈው እሑድ ልጠይቃቸው ሄድሁ። "አስቻለው ነህ?" አሉኝ በድምፄ ለይተው። "ደግ ሰዓት መጣህ። መሐሪ፣ እስቲ የእስጢፋኖስ ዕለት የተቀኘሁትን አንብብልን።"

መሐሪ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ አጎነበሰ። የኔታ መጠበቅ አቅቷቸው ራሳቸው ጀመሩት። "እስጢፋኖስ ሐራሲ፣ ዘዘርአ ደሞ..." ደሙን የዘራ ገበሬ፣ እስጢፋኖስ። የስማዳን ድንጋያም ማሳ የሚያውቅ ሰው፣ እስጢፋኖስ የተወገረበት ድንጋይ እዚያ እርሻ ውስጥ እንደሚመጣ ይጠረጥራል። እዚያ ላይ ቆሙ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ቃል የለም።

"ቀጥለው እንጂ" አሉ።

መሐሪ ወደኔ አየ። ያንን ቅኔ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። የማስታውሰው "ሐራሲ" በሃሌታው ተጽፎ ወደ ሐመሩ ሐ መለወጤን ብቻ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ፊደል ስለቅም ከርሜ አንዲት ቤት እንኳ አልያዝሁም።

"መብራት ሄዷል አባዬ" አለ መሐሪ። "ኮምፒውተሩ አልከፍት አለኝ።"

ውጭው ጠቁሮ እየዘነበ ስለነበር አምፖሉ በቀን በርቶ ነበር። የኔታ ሰውን ከሰው መለየት ቢሳናቸውም ብርሃንና ጨለማ ይለያሉ። ፊታቸውን ቀስ ብለው ወደ አምፖሉ አቀኑ። ከዚያ ትራሳቸው አጠገብ ያለውን ዳዊት በእጃቸው ፈለጉት፤ ከነማኅደሩ ዳሰሱት።

"ይሁን ልጄ" አሉ። "ሲመጣ ታነብልኛለህ።"