የአጎቴ የወንዝ ፎቶ

አጎቴ ወንዝ ካዩ መኪና ሳያስቆሙ አያልፉም ነበር። ባለፈው ጥቅምት ከሐዋሳ ወደ አርቤጎና ተራሮች ለሰርግ ስንሄድ፣ አንድ ድልድይ ጋ ወርደው እየተምዘገዘገ የሚወርደውን ውሃ በስልካቸው ማንሳት ጀመሩ።

«ሰርጉ ሊያመልጠን ነው፣ ይምጡ እንጂ!» ብዬ ጮህኩ።

«አንዴ ብቻ፣ ልጄ!» አሉ እንደ ልማዳቸው።

ተናድጄ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ግማሽ ሰዓት አስጠበቁኝ። ሐዋሳ ስንመለስ ታቦር ሰፈር ያለው ቤታቸው በር ላይ «እዪው እስቲ» ብለው ስልኩን ቢዘረጉልኝ፣ «ሌላ ጊዜ» ብዬ ሄድኩ።

በሳምንቱ አረፉ።

ትናንት ባዶ ክፍላቸው ውስጥ ተቀምጬ ስልካቸውን ከፍቼ የዚያን ቀን ፎቶዎች አየሁ። ወንዙ ጥግ ላይ ብቻ ይታያል። መሃል ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፤ በሁሉም ፎቶ ጀርባዬን ሰጥቼ። ምናለ «ዙሪ» ቢሉኝ ኖሮ!