የአራስ ቤት ፊልም

አባቴ የሞተው እህቴ ወልዳ ሳምንት ሳይሞላት ነው። ለአራስ ደግሞ መርዶ አይነገርም። ወተቷ ይደርቃል፣ ብርድ ይመታታል ይባላል፤ በዚህ ነገር የሚከራከር ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። ስለዚህ አጎቴ ከመርሐቤቴ ደውሎ ሞቱን በነገረኝ ቅጽበት፣ ለቅሶዬን እንኳ ሳልጀምር ሥራ ሰጠኝ።

«አንተ እንዳትመጣ» አለኝ። «እሷ ጋ ሁን። ልጁ ክርስትና እስኪነሳ ድረስ አንዳች ነገር እንዳትሰማ። አደራ።»

አደራ የምትባለውን ቃል ከዚያ ቀን ወዲህ አልወዳትም። ሰው ራሱ የማይችለውን ሸክም ሌላው ጫንቃ ላይ ሲጥል የሚላት ቃል ናት። እኔ የአባቴ አንድ ወንድ ልጅ ነኝ። እናታችን በልጅነታችን ስለሞተች፣ አቃቂ በሰቃ በነበረችው ቤታችን ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው መልስ ሽሮ የሚሠራልን፣ ሹሩባ ባይችልበትም የእህቴን ፀጉር ሁለት ቦታ ከፍሎ የሚያስርላት እሱ ነበር። ወደ ተወለደበት መርሐቤቴ የተመለሰው ጡረታ ሲወጣ ነው። እንግዲህ ይህ ሰው ሲቀበር እኔ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ ፊልም አይ ነበር።

ፊልሙ የእህቴ ባል ነው። ማለት፣ ያመጣው እሱ ነው። በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ይነዳል፤ ከጥቂት ወራት በፊት ብሉሬይ የሚያጫውት ላፕቶፕ ከአንድ ካርቶን ዲስክ ጋር ይዞ መጥቶ ነበር። ብሉሬይ ምን እንደሆነ በሕንፃው ውስጥ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እሱም አያውቅም። ሻጩ «ከሌላው ዲስክ ሁሉ የበለጠ ጥራት አለው» ብሎታል፣ በቃ። ሻጩ አልዋሸም። እኛ በየቪዲዮ ቤቱ የለመድነው፣ ሰውና ጥላ የማይለይበት፣ አንዳንዴም ከፊት የተቀመጠ ተመልካች ጭንቅላት አብሮ የተቀረጸበት ፊልም ነው። ይኼኛው ግን የተዋናዩን የፊት ቆዳ ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ያሳያል።

ባልየው «ጭነት ወጣልኝ» ብሎ ወደ ቀብሩ ሄደ። ቤት የቀረነው እህቴ፣ ሕፃኑ፣ የባሏ እናትና እኔ ነን። አሮጊቷ ነገር ያውቁበታል። የመጀመሪያው ሥራቸው የእህቴን ስልክ መውሰድ ነበር። «ሞባይል ለጨቅላ አይሆንም፤ ጨረር አለው» አሏት፣ የራሳቸውን ሞባይል ደረታቸው ውስጥ ሸጉጠው። ላፕቶፑን ሲያዩት ደግሞ «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» አሉና ለእኔ በጆሮዬ፣ «የሚያስቅ የሚያስቁን ብቻ ክፈትላት። ድምፁንም ከፍ አድርገው» ብለው አዘዙኝ። ድምፁ ከፍ የሚለው ኮሪደር ላይ የሚወራው እንዳይሰማ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ሕንፃው በሙሉ ሰምቶ ሳለ ያልሰማችው የነገሩ ባለቤት እህቴ ብቻ ነበረች።

ላፕቶፑን አልጋዋ ግርጌ በርጩማ ላይ አስቀመጥነው። ከሥር የሚመጣው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ስለሆነ ተርጓሚው እኔ ነኝ። የሆዴን በሆዴ ይዤ ቀልድ ተረጎምኩ። ከዚህ የከፋ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። እህቴ ደግሞ ታሪኩን ትታ ሰዎቹን ነው የምታየው፤ ጥራቱ ለእሷ ዓይነት ሰው የተሠራ ይመስላል። «ይኼ ሰውዬ ጺሙን ተላጭቶ አልጨረሰም» ትላለች። «የዚያኛው የሸሚዙ ቁልፍ ክሩ ላልቷል። ሚስት የለውም እንዴ?»

በመሐል ደግሞ፣ «አባዬ ለምን አልደወለም? የልጅ ልጁን ድምፅ መስማት አይፈልግም?»

«ኔትወርክ የለም እኮ እዚያ» እላለሁ። በዚያን ዘመን ይህን ምክንያት የማያምን ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። በሰቃ እያለን ግድግዳ የሚያዋስነን ቤት የነበሩ እናት ናቸው፤ እኛን እንደ ልጆቻቸው ያሳደጉን። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረጃውን ሁሉ ወጥተው መጥተዋል። አፋቸውን ለእሪታ ሲከፍቱ አየሁ። እንደዚያ ያለ ድፍረት ለትልቅ ሰው አይገባም፣ ግን መዳፌን አፋቸው ላይ አደረግሁ።

«አልሰማችም እማማ» አልኩ በሹክሹክታ። «አራስ ናት።»

እሪታቸውን ዋጡት። እዚያው ደፍ ላይ ነጠላቸውን አስተካክለው ለበሱ፣ ፊታቸውን ጠረጉ፣ ከዚያ «እንኳን ማርያም ማረችሽ የኔ ልጅ!» እያሉ ገቡ። ልጁን አገላብጠው አዩ፣ መረቁ፣ ከእኔ አጠገብ ተቀመጡ። ፊልሙ ላይ አንድ ወፍራም ሰውዬ ሠርግ ቤት ገብቶ ኬክ ላይ ይወድቃል። እህቴ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ሴትዮዋ ግን እንባቸው ዱብ ዱብ ይል ጀመር።

«ምን ሆኑ እማማ?» አለች እህቴ ደንግጣ።

ሴትዮዋ በጣታቸው ወደ ላፕቶፑ አመለከቱ። «ምስኪን» አሉ። «በሰው ፊት እንዲህ ያዋርዱታል?»

እኔም ያን ጊዜ እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

«አንተም?»

«ያሳዝናል እኮ» አልኳት። ሰውዬው ጆሮው ድረስ ክሬም ተለቅልቋል፤ በዚያ ጥራት ክሬሙ ከቅንድቡ ላይ ሲንጠባጠብ ሳይቀር ይታያል። ሁለታችን ኬክ ላይ ለወደቀ ሰው ተላቀስንለት። እህቴ እኛን እያየች ደግማ ሳቀች። ሴትዮዋ ከነጠላቸው ሥር እጄን ፈልገው ያዙኝ፣ ጨመቁኝም። ለአባቴ አብሮኝ ያለቀሰ ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው፤ ስሙን ግን ልናነሳው አልቻልንም። ሲሄዱም በሩ ላይ ቆመው ሊሉኝ የፈለጉትን እህቴ እንዳትሰማ ፈርተው፣ «በርታ» ብቻ ብለውኝ ወረዱ።

ከዚያ በኋላ ዘዴው ገባኝ። ካርቶኑ ውስጥ ባለቤቱ ሲደኸይ ስለሚሸጥ አንድ ፈረስ የሚተርክ ፊልም አገኘሁ። እሱን ከፈትኩና ፈረሱ አንገቱን ዘወር አድርጎ የቀድሞ ቤቱን ሲያይ እንደ ልቤ አለቀስኩ። አማቷ ተቆጡ። «አራስ ቤት እንባ ምንድን ነው? የሚያስቅ አላልኩህም?» አሉኝ። እህቴ ግን አዘነችልኝ። አማቷ ወጥ ለማየት ወጣ ሲሉ ጠብቃ ጠጋ አለችና፣ «ንገረኝ፣ አንዷ ልጅ ከዳችህ አይደል?» አለችኝ።

ምን ልበላት? «አዎ» አልኩ።

«አውቄያለሁ። ይኼ የፈረስ ለቅሶ አይደለም» አለች። ጡት እያጠባች በሌላው እጇ ራሴን አሻሸችኝ። «እሷ ምን ታውቃለች! አንተን የመሰለ ልጅ ትታ። ሌላ ታገኛለህ፤ እኔ ራሴ እፈልግልሃለሁ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ ከተበላ በኋላ ራሷ፣ «ፈረሱን እንየው?» ትለኛለች። ታሪኩን በቃሏ ስላወቀችው መተርጎም አያስፈልግም ነበር። እኔ አለቅሳለሁ፣ እሷ ያልነበረችውን ልጅ ትረግምልኛለች። ውሸቴ ያሳፍረኝ ነበር፤ ግን የሰው እጅ እንደዚያን ሰሞን አስፈልጎኝ አያውቅም።

ልጁ ሳሪስ አቦ ክርስትና ተነሳ። እህቴ ነጭ ለብሳ፣ ወዝ ይዛ፣ ሲያዩዋት ደስ ትላለች። «አባዬ ለክርስትናው እንኳን አልመጣም?» አለች። አማቷ ስለ መንገዱ መበላሸት ብዙ ነገር አወሩ። ከዚያ በኋላ አልጠየቀችም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ማለዳ አጎቴ ከነፍስ አባቷና ከዘመዶች ጋር መጣ። ያን ጠዋት አልተርከውም። መርዶ የተረዳ ሰው ያውቀዋል፤ ያልተረዳም አይወቀው።

ፍራሽ ተነጠፈ፣ የዕድሩ ወንበርና ድንኳን ግቢው ውስጥ ቆመ። ቤቱ በሰው ሞላ። እኔ ወንበር አነሳለሁ፣ ውኃ አቀርባለሁ፣ እንግዳ እሸኛለሁ። የሚመጣው ሁሉ ወደ እህቴ ነው የሚሄደው። ለእኔ አባቴ ከሞተ ሰነባብቷል፤ ሐዘኔ ከቀብሩ ጋር ያለቀ መስሏቸዋል መሰለኝ። አልተቀየምኳቸውም። ራሴም ሥራዬ ወንበር ማንሳት እንደሆነ አምኜ ነበር።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ትሪ ይዤ ሳልፍ እህቴ በተዘጋ ድምፅ ጠራችኝ። ቀና ብላ ብዙ አየችኝ። ዓይኗ አብጧል።

«አንተ ከማን ጋር አለቀስክ?» አለችኝ።

ትሪውን ይዤ ቆምኩ።

ትሪውን ከእጄ ተቀብላ መሬት አስቀመጠችው። ፍራሹ ላይ ፈቀቅ ብላ ጎትታ አስቀመጠችኝና የጋቢዋን ግማሽ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችብኝ። በዚያው ሰዓት ከበሰቃ የመጡ ሴቶች ገብተው «እግዜር ያጥናሽ፣ እግዜር ያጥናሽ» እያሉ ወደ እሷ ጎንበስ አሉ።

«እሱንም በሉት» አለቻቸው። «እሱን እስካሁን ማንም አላለውም።»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ የመጀመሪያዋ ዞር ብላ ጉልበቴን ነካችና «እግዜር ያጥናህ ልጄ» አለችኝ። ከፊቴ የተከፈተ ፊልም አልነበረም። አለቀስኩ።