ዓሣው በሁለት ሰዓት በኩል ነበር

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። አሜሪካ፣ አትላንታ አጠገብ ደንዉዲ በምትባል ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ ነው የማነጥፈው፤ እስክሪብቶ የምይዘው ስፈርም ብቻ ነው። ይህን የምጽፈው ለሰው አፍ አውጥቼ መናገር ስላልቻልኩ ነው።

አባዬ በወጣትነቱ አሰብ ወደብ ላይ ጫኝና አውራጅ ነበር። ከሥራ ሲወጣ እስከ ጉልበቱ ባሕር ውስጥ ገብቶ ዓሣ ያጠምዳል። ከአገር ቤት እኔ ወደምኖርበት ወደ ክላርክስተን ከመጣ በኋላ ስኳሩ ዓይኑን አደከመው። ኩላሊቱም እየደከመ ስለሆነ በቅርቡ በማሽን እጥበት እንደሚጀምር ሐኪሙ የነገረን ቀን፣ መኪና ውስጥ «ማሽኑ ላይ ሳልጋደም አንድ ዓሣ በእጄ ልያዝ» አለኝ። ሌላ ነገር ለምኖኝ አያውቅም።

ከሥራ ኦፍ ወስጄ አባዬን ይዤ ፍሎሪዳ ድረስ ነዳሁ። የተከራየነው ጀልባ የሚሄድበት ባሕር ሙቅና ከጉልበት የማያልፍ ነው። ሞተር ዓሣውን ስለሚያስበረግግ ባለጀልባው ከኋላ ከፍ ያለ መቆሚያ ላይ ወጥቶ በረጅም እንጨት እየገፋ ዓሣ ይፈልጋል። አባዬ የማጥመጃ ዘንጉን ይዞ ከፊት ቆመ።

«ይሄ ሰውዬ ቆጥ ላይ የወጣ ዶሮ መሰለ» አለኝ።

«አባዬ፣ ይሰማሃል።»

«አማርኛ ከሰማማ ራሱ ያስተርጉምልኝ፤ አንቺ ቁጭ በይ።»

ሰውዬው ጀልባዋን እንደ ሰዓት አስቧት አለን። አፍንጫዋ አሥራ ሁለት ነው፤ እሱ ዓሣ ሲያይ ቁጥር ይጠራል፣ አባዬ ወደዚያ አቅጣጫ መንጠቆውን ይወረውራል። ለአባዬ አስረዳሁት፤ ገባው።

ትንሽ ቆይቶ ሰውዬው በእንግሊዝኛ «ሁለት ሰዓት» አለ። እኔ ለአባዬ «ስምንት ሰዓት» አልኩት። የሐኪም ቀጠሮውን ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የምነግረው፤ ፈረንጅ ሁለት ሲል ለእኛ ስምንት ነው። አፌ ለምዶታል። ዓሣው ከፊት በቀኝ ሳለ አባዬ ዞሮ ከኋላ በግራ ወረወረ። ዓሣው ውሃውን አደፍርሶ ሄደ። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንዲሁ አመለጡን። ሰውዬው፣ አባዬ ጨርሶ የማያይ ስለመሰለው አላረመውም። አባዬ መዳፉን እያገላበጠ አየና «እጄ ከዳኝ» አለ።

ስህተቴ የገባኝ ያኔ ነው፤ ሰዓቱ ላይ የተጻፈው ሁለት ቁጥር ለፈረንጅም ለእኛም ያው ሁለት ነው። ገና ረፋድ ነበር። ሌላ ዓሣ ጅራቱን ከውሃው አውጥቶ ሲያብረቀርቅ አይቻለሁ። ግን በሁለቱ ፊት «ያበላሸሁት እኔ ነኝ» ማለት አፈርኩ።

«በቃ፣ እንመለስ በይው» አለኝ አባዬ። ለሰውዬው ነገርኩት። ይሄኛውን በትክክል ነው ያስተረጎምኩት።

ከተመለስን በኋላ የቤተ ክርስቲያን ጓደኞቹ «ዓሣውስ? ድስት ጥደን ነበር እኮ» እያሉ ቀለዱበት። «እጄ ሞቷል» ይላቸዋል። እኔ አጠገቡ ቆሜ መሬት መሬት አያለሁ። ከዚያ በኋላ ዘንግ የሚባል ነገር አልነካም። እጥበቱን ጀመረ፤ ብርዱ ሲገባ ኢንፌክሽን ያዘውና አትላንታ ሆስፒታል ተኛ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አልጋው አጠገብ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኩት። ሰዓቱን እንዴት እንደገለበጥኩት፣ እዚያው ጀልባው ላይ እንዳወቅሁና ዝም እንዳልኩ። ዓይኑን ጨፈነ፤ የተኛ መስሎኝ ብርድ ልብሱን አለበስኩት። በማግስቱ ስመጣ መናገር ስላልቻለ፣ ለእኔ የተናገረው የመጨረሻ ነገር ያን ቀን ዓይኑን ሳይገልጥ ያለኝ ነው፦

«እዚያው ብትነግሪኝ ኖሮ፣ ደግሜ እወረውር ነበር።»